አንድ የሲዲ ኢሜጅ፣ ብዙ መዝገብ፦ ፋይሎችን ሳያጎድሉ የማውጣት ሥራ

ከቪስታ ወዲህ የወጡ የዊንዶውስ መጫኛ ኢሜጆችን (ዲስኩ እንዳለ የተገለበጠባቸውን ትልልቅ ፋይሎች) አይኤስኦ 9660 የተባለውን ፋይል ሲስተም (በዲስክ ላይ ያሉ ፋይሎች የሚመዘገቡበትን ሥርዓት) ብቻ በሚያውቅ አሮጌ ፕሮግራም የከፈተ ሰው ግር የሚያሰኝ ነገር ይገጥመዋል። ኢሜጁ በርካታ ጊጋባይት ይመዝናል፤ ሲከፈት ግን የሚታየው አንዲት አጭር የጽሑፍ ፋይል ብቻ ናት። እርሷም የምትናገረው ይህ ዲስክ ዩዲኤፍ የተባለ ፋይል ሲስተም እንዳለበትና እርሱን የሚያነብ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደሚያስፈልግ ነው። ብዙ ሰው መልእክቷን ሳያነብ ዳውንሎዱ ተቆርጦ ቀርቷል ብሎ ይደመድምና ያንኑ ሁሉ ጊጋባይት እንደገና ለማውረድ ይነሣል፤ የሞባይል ዳታ እየገዛ ለሚሠራ ሰው ይህ ስሕተት ርካሽ አይደለም። ፋይሉ ግን ከመጀመሪያውም ደኅና ነበር።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዊንዶውስም ለማኪንቶሽም ተብለው የተሠሩት የመዝገበ ቃላት፣ የኢንሳይክሎፒዲያና የጨዋታ ሲዲዎች ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ችግር አላቸው። በእነዚህ ላይ ያልታየ ነገር መኖሩን የሚናገር ፋይል የለም። ዊንዶውስ ላይ የከፈታቸው ሰው የዊንዶውሱን ፋይሎች አግኝቶ ሁሉን ያወጣ ይመስለዋል፤ ከዚያም ዋናው ዲስክ ይጣላል ወይም ይጫጫራል፤ የማኪንቶሹ ግማሽ መጥፋቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ መጋዘንና ሁለት መዝገብ ያዦችን ማሰብ ይበቃል። መጋዘኑ አንድ ነው፤ ጆንያዎቹም ቁጥር በተሰጣቸው ረድፎች ተደርድረዋል። አንደኛው መዝገብ ያዥ ጤፉ ከ300ኛው እስከ 340ኛው ረድፍ መሆኑን ጽፏል። ሁለተኛው ያንኑ ጤፍ በራሱ ቋንቋና በራሱ አቆጣጠር መዝግቦ፣ የመጀመሪያው ጨርሶ ያልጻፈውን ገብስ ጨምሮበታል። አንዱን መዝገብ ይዞ ወደ መጋዘኑ የገባ ሰው የሚያወጣው በዚያ መዝገብ ያለውን ብቻ ነው። ፋይል ሲስተም የሚባለው ይህ መዝገብ ነው፤ የሲዲ ኢሜጅ ደግሞ መጋዘኑ ከነመዝገቦቹ እንዳለ የተገለበጠበት አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ስለዚህ በኢሜጁ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ምን ምን እንደሆኑ ከመጠየቅ በፊት በኢሜጁ ውስጥ ስንት መዝገብ እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ሁለት መዝገብ በአንድ ዲስክ ላይ ሳይጋጩ እንዴት ሊቀመጡ ቻሉ? የዳታ ሲዲ በሴክተር የተከፋፈለ ሲሆን አንዱ ሴክተር 2,048 ባይት መረጃ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1988 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኖ የወጣው አይኤስኦ 9660 የመጀመሪያዎቹን 16 ሴክተሮች፣ ማለትም 32,768 ባይት፣ ለራሱ አይጠቀምባቸውም። ከ0 ጀምሮ ሲቆጠር ቁጥር 16 በሆነው ሴክተር ላይ ስለ መዝገቡ የሚናገር ገላጭ ያስቀምጣል፤ ገላጩም የላቲኖቹን ፊደላት ሲ እና ዲ ከ001 ጋር አገጣጥሞ የያዘ መለያ አለው። ገላጮቹ ተከታትለው ከአንድ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ፦ ዓይነት 1 ዋናው ነው፣ ዓይነት 2 ረጅም ስሞችን የሚፈቅደው የማይክሮሶፍቱ መዝገብ፣ ጆሊየት፣ የሚገባበት ተጨማሪ ገላጭ ነው፣ ዓይነት 0 ኮምፒውተርን ከሲዲ ለማስነሣት ያገለግላል፣ 255 ደግሞ ዝርዝሩ ማለቁን ያመለክታል።

ብልሃቱ ሁሉ ያለው ባዶ በተተወው 32 ኪሎባይት ላይ ነው። ማኪንቶሽ ዲስክ ሲገባለት የሚያነበው ከመጀመሪያዋ ባይት ጀምሮ ነው፤ የሚፈልገውም የአፕል የክፍልፍል ካርታ የሚባለውን ነው። ካርታው 512 ባይት በሆኑ ትናንሽ ብሎኮች የተጻፈ በመሆኑ አይኤስኦ 9660 በተወው ቦታ ውስጥ ተመቻችቶ ይገባል፤ ይዘቱም ከዚህ ብሎክ እስከዚህ ብሎክ ድረስ ያለው ኤችኤፍኤስ ነው የሚል ነው። ኤችኤፍኤስ አፕል እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ፋይል ሲስተም ነው። የዊንዶውስ ኮምፒውተር የመጀመሪያዎቹን 16 ሴክተሮች ዘልሎ ስለሚጀምር ካርታውን አያየውም፤ ማኪንቶሹም ካርታውን ካገኘ በኋላ ወደ ሌላው መዝገብ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። በአንድ ግቢ ውስጥ በተለያየ በር እየገቡ ሳይተያዩ እንደሚኖሩ ተከራዮች ናቸው።

ከዚህም በላይ ዕቃ ይጋራሉ። ቪዲዮው፣ ድምፁና ፎቶው ለሁለቱም አንድ ከሆነ ሠሪው አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፈውና ሁለቱም መዝገቦች ወደዚያው ሴክተር እንዲጠቁሙ ያደርጋል። ስለዚህ ከሁለቱም መዝገቦች የወጡት ፋይሎች ተደምረው ከኢሜጁ ቢበልጡ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በተቃራኒው ከኢሜጁ እጅግ አንሰው ከተገኙ ያልታየ ሦስተኛ መዝገብ ወይም ከፋይል ሲስተም ውጭ የሆነ የድምፅ ትራክ እንዳለ መጠርጠር ያስፈልጋል። የዛሬዎቹ የሊኑክስ መጫኛ ኢሜጆችም በዚያው 32 ኪሎባይት ይጠቀማሉ፤ በፍላሽ ላይ ሲጻፉ እንደ ሃርድ ዲስክ እንዲነሡ የሚያደርጋቸው የክፍልፍል ሠንጠረዥ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከእነዚህ ኢሜጆች ፋይሎቹን ብቻ ወደ ፍላሽ የገለበጠ ሰው ፍላሹ አልነሣ ቢለው ሠንጠረዡን ባለመገልበጡ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዩዲኤፍ ብዙ ማለት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሲሆን መነሻ ጠቋሚው በሴክተር 256 ላይ ይገኛል፤ በመሆኑም ከአይኤስኦ 9660 ገላጮች ጋር አይጋጭም። የፊልም ዲቪዲዎች ሁለቱንም ይዘው የሚወጡት ለዚህ ነው። አይኤስኦ 9660 አንድን ፋይል በአንድ ቁራጭ እስከ 4 ጊጋባይት ድረስ ብቻ የሚመዘግብ ሲሆን ዩዲኤፍ ይህ ገደብ የለበትም።

የስሞች ጉዳይ ግን በተለይ በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። አይኤስኦ 9660 በመጀመሪያ ደረጃው የሚፈቅደው 8 ፊደል፣ ነጥብና 3 ፊደል ብቻ ነው፤ ፊደላቱም የላቲን ትልልቆቹ፣ አኃዞችና የግርጌ ሰረዝ ናቸው። ጆሊየት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመጣ በየፊደሉ 16 ቢት መድቦ እስከ 64 ፊደል የሚደርስ ስም ፈቀደ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት ኮድ በሚሰጠው መስፈርት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ሲካተት የተሰጠው ስፍራ በ16 ቢት ውስጥ የሚገባ ስለነበር ጆሊየት የአማርኛ ስምን ያለ ችግር ይይዛል። ከዩኒክስ ዓለም የመጣው ሮክ ሪጅ በበኩሉ አዲስ መዝገብ አይከፍትም፤ በአይኤስኦ 9660 መዝገብ ኅዳግ ላይ ረጅሙን ስም፣ የባለቤትነት ፈቃዱንና አቋራጭ ማያያዣዎችን ይጨምራል። የስሙ ገደብ 255 ባይት ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ ለአማርኛ 85 ፊደል ያህል ይደርሰዋል። ኤችኤፍኤስ 31 ባይት ብቻ ይፈቅዳል፤ አጻጻፉም ከዩኒኮድ በፊት የነበረው የማኪንቶሽ ኮድ ነው።

ይህ ሁሉ በተግባር ሲታይ እንዲህ ይሆናል። አንድ ሰው የቤተሰቡን ፎቶዎች «የእማማ ልደት» እና «የጥምቀት በዓል» በሚሉ ፎልደሮች አድርጎ ሲዲ ላይ ጽፎ ነበር እንበል። ያንን ሲዲ በጆሊየት በኩል የከፈተ ሰው ስሞቹን እንዳሉ ያገኛቸዋል። በዋናው ገላጭ በኩል ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም ግን የግዕዝ ፊደላቱ በግርጌ ሰረዝ ተተክተው፣ እርስ በርስ እንዳይምታቱ ከጫፋቸው አኃዝ ተቀጥሎባቸው ሊያሳየው ይችላል። ፎቶዎቹ አንድ ናቸው፤ ስሞቹ ግን ላይመለሱ ነው። ስለዚህ የመዝገብ ምርጫ የሚወስነው የሚወጣውን ፋይል ብቻ አይደለም፤ የሚወጣበትንም ስም ይወስናል። እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት የተሠሩ ዲስኮች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥማል፦ የዚያን ጊዜ የአማርኛ ፎንቶች የግዕዝ ቅርጾችን በላቲን ኮዶች ላይ ያስቀምጡ ስለነበር ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል መስሎ የሚታይ ጽሑፍ የተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ የጎደለው የዘመኑ ፎንት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሥራው ስንገባ የመጀመሪያው እርምጃ መለየት ነው። በሊኑክስ ላይ ዋይፕ-ኤፍኤስ የተባለው ትእዛዝ በኢሜጁ ላይ ያገኛቸውን የፋይል ሲስተም መለያዎች ከነአድራሻቸው ይዘረዝራል። ስሙ መጥረግ ማለት ስለሆነ ያስፈራል፤ ያለ ምንም ተጨማሪ አማራጭ ሲጠራ ግን ዘርዝሮ ከማሳየት በቀር የሚያጠፋው ነገር የለም። ሁሉንም አጥፋ የሚለውን አማራጭ ማስከተል ግን በእርግጥ መለያዎቹን ይጠርጋል፤ ስለዚህ ኢሜጁን አስቀድሞ ለንባብ ብቻ እንዲሆን አድርጎ መቆለፍና በቅጂው ላይ መሥራት የተሻለ ነው። አይሶ-ኢንፎ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ጆሊየትና ሮክ ሪጅ መኖር አለመኖራቸውን ይናገራል። የሰቨን-ዚፕ ተጠቃሚ በትእዛዝ መስመር ላይ የኢሜጁን ዓይነት ራሱ እየመረጠ፣ አንድ ጊዜ እንደ አይኤስኦ፣ አንድ ጊዜ እንደ ዩዲኤፍ፣ አንድ ጊዜ እንደ አፕል ክፍልፍል ሊከፍተው ይችላል፤ ያልመረጠ እንደሆነ ፕሮግራሙ በራሱ ግምት አንዱን ይይዛል።

መዝገቦቹ ከታወቁ በኋላ ለእያንዳንዳቸው የራሱ ፎልደር ይዘጋጅና ከየአንዳንዳቸው ለየብቻ ይገለበጣል። በአንድ ፎልደር ላይ ደራርቦ መገልበጥ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ስማቸው አንድ፣ ይዘታቸው ግን የተለያየ ፋይሎች ስላሉ ኋለኛው ፊተኛውን ይሽረዋል። ሊኑክስ ኢሜጅን ማውንት ሲያደርግ (እንደ ገባ ዲስክ ሲከፍት) የፋይል ሲስተሙን ዓይነት በስሙ መጥራት ይፈቅዳል። አይኤስኦ 9660 ተብሎ ሲጠራ ሮክ ሪጅ ካለ እርሱን ያስቀድማል። ኖሮክ የሚለው አማራጭ ሲጨመርበት ወደ ጆሊየት ይዞራል፤ ኖጆሊየት አብሮ ሲጨመር ደግሞ ምንም ያልተጨመረበት የመጀመሪያው መዝገብ ብቻ ይቀራል። ዲስኩን የሠራው ሰው አንዳንድ ፋይሎችን ከጆሊየቱ መዝገብ ሆን ብሎ ደብቆ ሊሆን ስለሚችል ሦስቱንም ከፍቶ ማወዳደር ከንቱ ድካም አይደለም። ዊንዶውስ ከ8 ወዲህ ኢሜጅን ሁለት ጊዜ በመጫን ይከፍታል፤ ሮክ ሪጅንና ኤችኤፍኤስን ግን አያነብም።

የማኪንቶሹ ክፍል ከሁሉ ይከብዳል። በመጀመሪያ የት እንደሚጀምር ማስላት ይጠይቃል። የአፕል ካርታ የሚቆጥረው በ512 ባይት ነው፤ ሲዲው የሚቆጠረው በ2,048 ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው በአራት እጥፍ ይሳሳታል። ለምሳሌ ካርታው ክፍሉ ከብሎክ 1,000 ይጀምራል ካለ መነሻው 512,000ኛው ባይት ነው፤ ይህ ቁጥር ለሊኑክስ ሉፕ መሣሪያ እንደ መነሻ ሲሰጠው ኤችኤፍኤሱ ብቻውን እንደ አንድ ዲስክ ይቀርባል። የማክ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርብኝም ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ነገር ግን አፕል የቀድሞውን ኤችኤፍኤስ የማንበብ ችሎታ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የማክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በካታሊና፣ ላይ ስላስወገደው አዲስ ማክ የገዛ ሰው የገዛ ቤቱን አሮጌ ዲስክ ማንበብ አይችልም። ከዚያ በፊት የነበረ ማክ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ችግር የፋይሉ ተፈጥሮ ነው። በቀድሞው ማኪንቶሽ አንድ ፋይል ሁለት ሹካ አለው። አንደኛው የዳታ ሹካ ሲሆን እኛ ፋይል የምንለው እርሱን ነው፤ ሁለተኛው የሪሶርስ ሹካ ሲሆን ምልክቶችን፣ ሜኑዎችን፣ ፎንቶችንና የፕሮግራም ኮድን ይይዛል። ከእነዚህ በተጨማሪ የፋይሉን ዓይነትና የሠራውን ፕሮግራም የሚያመለክቱ ባለ አራት ፊደል ሁለት ኮዶች በመዝገቡ ውስጥ ይጻፋሉ፤ በስሙ ጫፍ ላይ ነጥብና ቅጥያ አስፈላጊ ያልነበረው ለዚህ ነው። ዊንዶውስም ሊኑክስም በተለመደው አገላበጥ የሚያውቁት የዳታውን ሹካ ብቻ ነው። ውጤቱም አስገራሚ ነው፦ ለ68000 ፕሮሰሰር ቤተሰብ የተጻፉ ፕሮግራሞች ኮዳቸው በሪሶርስ ሹካ ውስጥ ስለነበር ብዙዎቹ ሲገለበጡ 0 ባይት ሆነው ይወጣሉ። ስሙ አለ፣ ፎልደሩ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ ገልባጩም ስሕተት ተፈጥሯል ብሎ አያስጠነቅቅም፤ በእርሱ በኩል ሥራውን በትክክል ጨርሷልና።

መፍትሔው ሁለቱን ሹካዎች አንድ ላይ የሚቋጥር ዕቃ መጠቀም ነው። ኤችኤፍኤስ-ዩቲልስ በሚባለው የመሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ ያለው ኤች-ኮፒ ፋይሉን በማክባይነሪ መልክ ሊያወጣው ይችላል፤ ማክባይነሪ 128 ባይት ራስጌ አስቀድሞ ዓይነቱንና ኮዶቹን ጽፎ ሁለቱን ሹካዎች አስከትሎ በአንድ ተራ ፋይል ይቋጥራቸዋል። ኤች-ኮፒ ፎልደርን ከነውስጡ ስለማይገለብጥ ለትልቅ ዲስክ አጭር ስክሪፕት መጻፍ ግድ ይላል። በማክ ላይ የተገለበጠ ከሆነ ሹካው አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ፍላሽ ሲዛወር ግን በነጥብና በግርጌ ሰረዝ የሚጀምር ስም ያለው ተጓዳኝ ፋይል ይፈጠራል። ይህን ቆሻሻ መስሎት የሚያጠፋ ሰው ብዙ ነው፤ የሚያጠፋው ግን የሪሶርስ ሹካውን ነው። ፕሮግራሙን ለማሠራት እንጂ ፋይሎቹን ለሌላ ጥቅም ለማውጣት ለማይፈልግ ሰው የእኔ ምክር ምንም ሳይገለብጥ ኢሜጁን እንዳለ ለባሲሊስክ 2 ወይም ለሺፕሼቨር እንዲሰጠው ነው፤ እነዚህ የቀድሞውን ማኪንቶሽ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች ስለሆኑ መዝገቡንም ሹካውንም እንደ ባለቤቱ ያውቁታል።

አንዳንድ ጊዜ ኢሜጁ በየትኛውም መንገድ አልከፈት ይላል። ያን ጊዜ የፋይሉን መጠን ለ2,352 ማካፈል ተገቢ ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሲዲው በሙሉ አካሉ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ሲዲ በሙሉ አካሉ ሲገለበጥ አንዱ ሴክተር 2,352 ባይት ይሆናል፤ በተለመደው ሞድ 1 ከመረጃው በፊት 16 ባይት የማመሳሰያና የአድራሻ ራስጌ፣ ከመረጃው በኋላ ደግሞ 288 ባይት የስሕተት ማረሚያና ተጓዳኝ ነገር አለ። ቢን የሚባለው ቅጥያ ያላቸውና ኪው ከሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ጋር የሚመጡ ኢሜጆች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያሉ ናቸው። በእነዚህ ላይ ከላይ የጠቀስናቸው አድራሻዎች ሁሉ ስለሚዛቡ መለያ ፈላጊው መሣሪያ ምንም ላያገኝ ይችላል። ቢ-ቸንክ የተባለው ፕሮግራም ትርፉን ገፍፎ 2,048 ባይቱን ብቻ ያስቀራል፤ የድምፅ ትራኮች ካሉም ለየብቻ ያወጣቸዋል።

ከሁሉም መዝገቦች ከተገለበጠ በኋላ ለእያንዳንዱ ፋይል የሻ-256 አሻራ (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ ኮድ) ማውጣትና ማነጻጸር ይቻላል። አሻራቸው አንድ የሆኑት የተጋሩ ፋይሎች ናቸው፤ ቦታ ለመቆጠብ የፈለገ አንዱን ቅጂ ብቻ ሊያስቀር ይችላል። ስማቸው አንድ ሆኖ አሻራቸው የተለያየውን ግን ተበላሽቷል ከማለት በፊት ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ቀድሞ አንብቡኝ የሚል ዓይነት የጽሑፍ ፋይል ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የመስመር ማብቂያው ነው፤ የቀድሞው ማኪንቶሽ መስመርን የሚዘጋው በኮድ 13 ብቻ ሲሆን ዊንዶውስ 13 እና 10ን አከታትሎ ይጽፋል፤ በመሆኑም አንድ ቃል ሳይለወጥ የባይቶቹ ብዛት በየመስመሩ በአንድ ይለያያል። የማኪንቶሹ ቅጂ በአንዳንድ አርታኢ ፕሮግራሞች ላይ ገጹ ሁሉ በአንድ ረጅም መስመር ተያይዞ ቢታይ ዋናው ሳይነካ በሌላ ስም ተገልብጦ የመስመር ማብቂያው በቅጂው ላይ ይቀየራል።